ስምንት ሜዠር በአምስት ክላርኔት፦ የተቀዱ አጨዋወቶችን አወዳድሮ ለመስማት ዝርዝር መመሪያ

አንዱን ትዝታ ሁለት ሰው ሲዘፍነው የሰማ ሰው ማወዳደር ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስተምረው አያሻውም። ዜማው ያው፣ ቅኝቱ ያው ሆኖ ሳለ አንዱ ገና አፉን ሲከፍት ሆድ ይባባል፤ ሌላው ድምፁ ቢያምርም ልብ ውስጥ አይገባም። «ይኼኛው አንጀት ይበላል፣ ያኛው ግን ይቸኩላል» እያልን ቡናው እስኪበርድ እንከራከራለን። የክላርኔት ኮንቸርቶ (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) ሲከፈትልን ግን ያ ሁሉ ጆሮ ድንገት የጠፋብን ይመስለናል። «ጥሩ ድምፅ አለው»፣ «ትንሽ ይጮኻል» እንልና ከዚያ በላይ የምንለው እናጣለን።

ጆሮው አልጠፋም። የጎደለን ምን ላይ አተኩረን እንደምንሰማና ምኑን ከምኑ እንደምንለይ ማወቅ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ ለዓመታት የምጠቀምበትን መንገድ ነው፤ ለክላርኔት ተማሪም፣ መሣሪያውን በእጁ ነክቶ ለማያውቅ አድማጭም ይሆናል። አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙልኝ። በተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ መሣሪያው፣ አዳራሹ፣ የማይክሮፎኑ አቀማመጥና የተጫዋቹ ውሳኔ ተደባልቀው ነው ጆሯችን የሚደርሱት። ማወዳደር ማለት እነዚህን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው የማይክሮፎኑን ሥራ ለተጫዋቹ፣ የተጫዋቹን ውሳኔ ደግሞ ለመሣሪያው ስንሰጥ ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሥራ ብቻ ያዙ

አንዱ ብራምስ፣ ሌላው ዌበር የሚጫወትበትን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ ስለ ድምፅ መፍረድ ከንቱ ድካም ነው። ሥራው አንድ ይሁን። እኔ የማቀርብላችሁ የሞዛርትን የክላርኔት ኮንቸርቶ በኤ ሜጀር፣ ኬ. 622 (በሞዛርት ሥራዎች ዝርዝር ያለው ቁጥሩ) ነው። በጣም ብዙ ጊዜ ስለተቀዳ ምርጫ አያጥርም። የመረጥኩት ግን ከዚህ በላይ ለሆነ ምክንያት ነው።

ሞዛርት ይህን ሥራ የጨረሰው በ1791 በጥቅምት ወር፣ ከመሞቱ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። የጻፈው ለወዳጁ ለቪየናው ክላርኔት ተጫዋች ለአንቶን ስታድለር ነበር። ስታድለር ይዞት የነበረው መሣሪያ ከተለመደው ክላርኔት ረዘም ያለ፣ ወደ ታች አራት ግማሽ ድምፅ የሚጨምር፣ ዛሬ ባሴት ክላርኔት ብለን የምንጠራው ነው። የሞዛርት የእጅ ጽሑፍ ጠፍቷል። በ1801 ለገበያ የወጡት ኖታዎች ማንም ተጫዋች በተራው ክላርኔት እንዲጫወታቸው ተብለው የተስተካከሉ ናቸው፤ ከመሣሪያው አቅም በታች የሚወርዱት ቦታዎች ወደ ላይ ተነስተዋል። ከደራሲው እጅ የተረፈው የመጀመሪያው ክፍል የ199 ሜዠር (ሜዠር ማለት ኖታው በእኩል ምት የሚከፈልበት ቁራጭ ነው) ረቂቅ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የተጻፈው በጂ ለሚቃኝ ባሴት ሆርን፣ ለክላርኔት ዘመድ መሣሪያ፣ ነው፤ የሚገኘውም ስዊዘርላንድ፣ ዊንተርቱር ነው።

ይህ ለአወዳዳሪ ጆሮ ትልቅ ስጦታ ነው። የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር ተያይዞ እንደሚነፋ፣ የትኛው በምላስ ተለይቶ እንደሚመታ የደራሲው ቃል ስለሌለ ተጫዋቹ ራሱ መወሰን አለበት። እያንዳንዱ ቅጂ የአንድ ሰው ግልጽ መልስ ነው።

ኖታውን በነፃ ማግኘት ይቻላል። ሳልዝበርግ ያለው የሞዛርቴዉም ተቋም አዲሱን የሞዛርት ሥራዎች ሙሉ እትም ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ለባሴት ክላርኔት እንደገና የተዋቀረውንም ለተራው ክላርኔት የተለመደውንም እዚያ ታገኛላችሁ። ኖታ ማንበብ ባትችሉም አውርዱት። ዜማው ሲወጣና ሲወርድ በዓይን መከተል ብቻውን ብዙ ያግዛል።

ደረጃ 2፦ የሚራራቁ ቅጂዎች ምረጡ

የሚመሳሰሉ ሁለት ቅጂዎች ለጀማሪ ጆሮ አንድ ናቸው። በአገር፣ በዘመንና በመሣሪያ የሚራራቁ አምስት ሰዎች እንውሰድ።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ኬል ነው፤ በ1940 ከመሪው ማልኮም ሰርጀንትና ከለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የቀዳው። ኬል ድምፁን በማርገብገብ፣ ማለትም በቫይብሬቶ፣ የታወቀ ነው። በክላርኔት ክላሲካል ሙዚቃ ውስጥ ይህ ያኔም ያልተለመደ ነበር፣ ዛሬም ብዙ አይሰማም። መንገዱን ያሳየው በዚያው ኦርኬስትራ አብሮት የነበረው የኦቦ (የሌላ የነፋስ መሣሪያ) ተጫዋች ሊዮን ጉሴንስ ነው። (የጃዙ ንጉሥ ቤኒ ጉድማን ስሙ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ በ1949 አካባቢ፣ ክላርኔት ሊማር ወደ ኬል ሄዷል። በ1956ም ይህንኑ ኮንቸርቶ ከቦስተን ሲምፎኒ ጋር ቀድቷል። ስድስተኛ ቅጂ የሚፈልግ ሰው እሱን ይጨምር።)

ሁለተኛው አሜሪካዊው ሮበርት ማርሴለስ ነው፤ በ1961 ከጆርጅ ዜልና ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የክላርኔት ተማሪ በዚህ ቅጂ ነው ያደገው። ሦስተኛው ካርል ላይስተር፣ በ1971 ከኸርበርት ፎን ካራያንና ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር። አራተኛው አንቶኒ ፔይ ነው፤ በ1980ዎቹ በክሪስቶፈር ሆግዉድ ከሚመራው የጥንት መሣሪያዎች ቡድን ጋር፣ በሞዛርት ዘመን ዓይነት ባሴት ክላርኔት። አምስተኛዋ ዛቢነ ማየር ናት፤ በ1990 ከሃንስ ፎንክና ከድሬስደን ሽታትስካፔለ ጋር፣ በዘመናዊ ባሴት ክላርኔት።

መሣሪያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ማርሴለስ የያዘው ፈረንሳይ ውስጥ ክሎዜ የተባለ መምህርና ቡፌ የተባለ ሠሪ በ1840ዎቹ መጀመሪያ መልክ ያስያዙትን፣ ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበትን የቦኤም ሥርዓት ነው። ላይስተርና ማየር ግን የጀርመኑን የኦይለር ሥርዓት ይዘዋል። ልዩነቱ በቁልፎቹ አደራደር አያበቃም። የቱቦው ውስጠኛ ቅርጽ ይለያያል። አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ፣ ማውዝፒሱም ይለያያል፦ በጀርመኑ ሪዱ (ሲነፋ የሚርገበገበው የሸምበቆ ቁራጭ) የሚያርፍበት ገጽ ረዘም ይላል፣ በማውዝፒሱ ጫፍና በሪዱ መካከል ያለው ክፍተት ጠበብ ይላል፣ ሪዱም በወርዱ ጠበብ ያለ ነው። ብዙ ጀርመናውያን ሪዱን እስከ ዛሬ በክር ጠምጥመው ነው የሚያስሩት። የፔይ ዓይነት የጥንት መሣሪያዎች ደግሞ በተለምዶ የሚሠሩት ቦክስዉድ ከተባለ ቢጫማ እንጨት ነው፤ ቁልፋቸው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ድምፅ ከጎረቤቱ ጋር እኩል አይወጣም። የዛሬው ክላርኔት ጥቁር ገላ ግሬናዲላ ነው፤ በዋናነት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚሄድ፣ በእኛም አገር ቆላማ አካባቢዎች የሚበቅል ዛፍ። ይህን ማወቅ ደስ ይለኛል።

ደረጃ 3፦ ቅጂዎቹን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀጥሎ ያለውን በሙሉ በከንቱ ይደክማል።

በመጀመሪያ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ። ሰው ጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማ ነገር ሁልጊዜ የተሻለ፣ የበለጠ ሙሉና የበለጠ ሕያው ይመስላል። አንዱን ቅጂ ክፈቱ፤ ክላርኔቱ ብቻውን ገኖ የሚሰማበትን ቦታ ያዙ፤ ሌላው እዚያው ቦታ ላይ እኩል እስኪሆን ድረስ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉ። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የምትፈልጉትን ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ መጠኑን አስተካክላችሁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ማዳመጫውም አንድ ይሁን፤ አንዱን በስልክ ስፒከር፣ ሌላውን በሄድፎን ሰምቶ መፍረድ አይቻልም።

ቀጥሎ የድምፁ ከፍታ አለ። ክሊቭላንዶች ኤ የምትባለዋን ድምፅ 440 ኸርዝ አካባቢ ሲቃኙ፣ የጥንት መሣሪያ ቡድኖች የሞዛርትን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ 430 ላይ ያወርዱታል። ልዩነቱ ከግማሽ ድምፅ 40 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዝቅ ያለው ሁልጊዜ ጠቆር፣ ረጋ ያለ ይመስላል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ብሩህ። ስለዚህ ፔይን ከማርሴለስ ቀጥላችሁ ስትሰሙ «ጠቆረ» ያላችሁት ነገር ከተጫዋቹ ከንፈር ሳይሆን ከቅኝቱ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፤ ጆሮ የቀደመውን ቅኝት ይለቅቃል።

እኔ በዚህ የተማርኩት ትምህርት አለ። አንድ የድሮ ቅጂ ለሁለት ዓመት ያህል «የክላርኔት ድምፅ እንዲህ ጥልቅ መሆን አለበት» እያልኩ ለሰው ሁሉ አስደምጥ ነበር። ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ማጫወቻው ቀስ ብሎ ሲዞር ነበር የቀዳው። ትክክለኛውን ፍጥነት የያዘ ቅጂ ሳገኝ ያ ጥልቀት ግማሹ ጠፋ፤ ዜማው ግን ያኔ ነው በትክክል የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ቅጂ በስልኬ መቃኛ መተግበሪያ ሳልለካ አላወዳድርም። የድሮ ቅጂ ኤ ድምፁ 425 ወይም 460 ላይ ከወጣ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የመገልበጫውን ፍጥነት ነው።

የማይክሮፎኑ ርቀት በመጨረሻ ይመጣል። የሪዱ ትንፋሽና የቁልፎቹ መምታት ከተሰማችሁ ማይክሮፎኑ ቅርብ ነው። ክላርኔቱ ከቫዮሊኖቹ መሀል የሚወጣ ከመሰለ ሩቅ ነው። ሩቁ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፤ ለዚያ ልስላሴ ተጫዋቹን አታመስግኑት። የኬል ቅጂ ከድሮው የሸክላ ዘመን ስለሆነ ላይኛው የድምፅ ክፍል ተቆርጧል፤ «ብሩህ ነው ወይስ ጠቆር ያለ» የሚለውን ጥያቄ እሱ ላይ ጨርሶ አታንሱ። ሌሎቹን ጥያቄዎች በሚገባ ይመልሳል።

ደረጃ 4፦ ስምንት ሜዠር፣ ድምፁ ብቻ

አሁን ሁለተኛውን ክፍል፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውን አዳጆ ክፈቱ። ክላርኔቱ ገና ከመጀመሪያው ቅጽበት ዜማውን ይጀምራል፤ ከሥሩ በለሆሳስ የሚያጅቡት ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ስምንት ሜዠር ይጫወትና ኦርኬስትራው ያንኑ ዜማ በሙሉ ድምፅ ይቀበለዋል። ኦርኬስትራው ሲገባ አቁሙ። ወደ ሚቀጥለው ቅጂ ሂዱ። አምስቱንም እንዲህ አድርጉ። በዚህ ዙር ስለ ስሜት፣ ስለ ፍጥነት አታስቡ፤ ድምፁን ብቻ ስሙ።

የሰማነውን ለመጻፍ ቃል ያጥረናል። «ወፍራም»፣ «ቀጭን»፣ «ሞቃት» ማለት ይቻላል፤ ግን የእኔ ሞቃት የእናንተ ላይሆን ይችላል። እኔን ከዚህ ያወጣኝ ፊደላችን ነው። ክላርኔት የሚነፋ ሰው ምላሱን አፉ ውስጥ ከፍና ዝቅ በማድረግ የድምፁን ቀለም ይለውጣል፤ አናባቢ ስንናገር የምናደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ ስትሰሙ በየትኛው አናባቢ እንደሚዘፈን ጠይቁ። ካዕብ ነው፣ «ሉ» የሚል፣ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ የገባ? ሣልስ ነው፣ «ሊ»፣ ቀጥ ብሎ የሚወጋ? ራብዕ፣ «ላ»፣ የተከፈተ? ወይስ ሳብዕ፣ «ሎ»፣ ክብ ሆኖ ሙሉ? አብራችሁ በለሆሳስ አንጎራጉሩና አፋችሁ የትኛውን እንደሚመርጥ ተመልከቱ። እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ሳያውቁ ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ይጽፋሉ።

በእኔ ጆሮ ማርሴለስ ሳብዕ ነው፤ ከታች እስከ ላይ ያው «ሎ» ሳይዛነፍ ይሄዳል፣ መሀሉ ላይ እንደ ፍሬ ጠጣር ነገር አለው። ላይስተር ወደ ካዕብ ያዘነብላል፤ የተሸፈነ፣ ጠርዝ የሌለው። ማየር በሁለቱ መሀል ትሄዳለች፣ ወደ ላይ ስትወጣ ግን ራብዕ ትሆናለች፤ ድምፁ ሲከፈት ይሰማል። ፔይ ላይ አንድ ፊደል መጻፍ አይቻልም። መሣሪያው ራሱ ከድምፅ ወደ ድምፅ ፊደል ይቀይራል፤ እሱም ያንን ሊደብቅ አይሞክርም። ኬል ደግሞ አንዱን ረጅም ድምፅ በአንድ ፊደል ጀምሮ በሌላ ይጨርሰዋል። ከእኔ ጋር ካልተስማማችሁ የእናንተን ጻፉ፤ የጻፋችሁበትን ቦታ ግን በሰከንድ አስቀምጡ።

ከአናባቢው ቀጥሎ አጀማመሩን ስሙ። ድምፁ በምላስ «ቱ» ተብሎ ነው የሚነሣው፣ ወይስ «ዱ» ተብሎ፣ ወይስ መቼ እንደጀመረ ሳይታወቅ ከዝምታው ውስጥ ነው የሚወለደው? ክላርኔት ከነፋስ መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ከምንም መነሣት የሚችል ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ሲነሣ የሚሰማ ከሆነ እንዲሰማ ፈልጎ ነው።

ሦስተኛው ነገር የድምፅ ክልሎቹ መገናኛ ነው። ክላርኔት በአንድ ጫፉ በሪድ የተዘጋ፣ ውስጡ በአብዛኛው እኩል ስፋት ያለው ቱቦ ስለሆነ፣ በጀርባ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት እንደ ሳክስፎን አንድ ኦክታቭ (ወደ ስምንተኛው ድምፅ) አይዘልም፤ ከዚያ በላይ፣ አሥራ ሁለተኛውን ድምፅ ይይዛል። በታችኛውና በላይኛው ክልል መሀል የቀሩት ጥቂት ድምፆች የሚነፉት አብዛኛው የቱቦ ቀዳዳ ተከፍቶ ነው። በተፈጥሯቸው የገረጡ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚሉ ናቸው። ጎበዝ ተጫዋች እዚያ ላይ ትርፍ ጣቶቹን በቀዳዳዎች ላይ ጭኖ ድምፁን ያደልባል። ዜማው በዚያ ሲያልፍ ስፌቱ ይታያል? ማርሴለስና ላይስተር ላይ ስፌቱን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ፔይ ላይ ይሰማል፤ ለኔ ግን እንደ ሰው ድምፅ መሻከር ነው፣ አይጎረብጠኝም።

ደረጃ 5፦ ያው ስምንት ሜዠር፣ አሁን በሰዓት

ፍጥነትን በስሜት መገመት ያሳስታል። ለስላሳ ድምፅ ያለው ሁልጊዜ ዘገምተኛ ይመስላልና። የስልካችሁን የሰዓት መቁጠሪያ አውጡ። ክላርኔቱ ከጀመረበት ኦርኬስትራው ዜማውን እስከሚቀበልበት ቅጽበት ለኩ። ስምንት ሜዠር በየሜዠሩ ሦስት ምት ነው፤ 24 ምት። 1440ን በሰከንዶቹ ብዛት አካፍሉ፤ የሚወጣው በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ ይነግራችኋል። 36 ሰከንድ ከወሰደ 40 ምት ነው፣ 30 ሰከንድ ከወሰደ 48። ክፍሉ በሙሉ 98 ሜዠር፣ ማለትም 294 ምት ስለሆነ፣ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ አዳጆ በአማካይ 42 ላይ ነው ያለው።

አሁን ቀጥሎ ያለውን የኦርኬስትራውን ስምንት ሜዠር ለኩ። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጣፍጠው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ብቸኛ ተጫዋቹና መሪው አንድ ልብ ናቸው ማለት ነው። ኦርኬስትራው ከቀደመ መሪው «እንሂድ» እያለ ነው። ክላርኔቱ ከዘገየ ደግሞ የትኛው ድምፅ ላይ እንደቆየ ፈልጉ። አንድ ተጫዋች ዘግይቶ ከሆነ ስምንቱም ሜዠር ላይ እኩል አይዘገይም፤ የሚወደው አንድ ቦታ አለ። ያቺን ቦታ ስታገኙ የአተረጓጎሙን ቁልፍ አገኛችሁ።

ደረጃ 6፦ ትንፋሹን አድኑ

የክላርኔት ተጫዋች ነጠላ ሰረዝ ትንፋሹ ነው። ኖታው ላይ በእርሳስ፣ ኖታ ከሌላችሁ በሰከንድ፣ የተነፈሰበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። ያልተነፈሰበትንም ጭምር። ሁሉም የሚተነፍስበትን ቦታ አንዱ ካለፈው፣ ሁለት የዜማ ሐረጎችን አንድ አረፍተ ነገር ሊያደርጋቸው ፈልጓል ማለት ነው። ከዚያ የሐረጉን ጫፍ ስሙ፦ ዜማው ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ላይ ሲዘልቅ ድምፁ አብሮ ይወፍራል ወይስ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሳሳል? ብዙዎች ይወፍራሉ፤ ተፈጥሯዊም ነው። ከፍ ባለ መጠን የሚሳሳ ተጫዋች ስሰማ ግን ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው።

የምላሱን ሥራ ለማወዳደር ወደ መጀመሪያው ክፍል ሂዱ። 56 ሜዠር የኦርኬስትራ መግቢያ አለው፤ ክላርኔቱ በ57ኛው፣ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ይገባል። ከዚያ በኋላ በሚመጡት ፈጣን ድምፆች ላይ የትኞቹ ተያይዘው፣ የትኞቹ ተነጣጥለው እንደሚወጡ ስሙ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የሞዛርት እጅ ስለጠፋ እዚህ ላይ «ትክክለኛ» የለም፤ ምርጫ ብቻ አለ።

ደረጃ 7፦ ዜማው ሲመለስ

ከሁሉም የምወደው ቦታ ይህ ነው። አዳጆው መሀል ላይ፣ በ59ኛው ሜዠር፣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ኦርኬስትራው ዝም ይላል፤ ኖታው ላይ የማቆያ ምልክት አለ። እዚህ ላይ ተጫዋቹ ከራሱ አፍልቆ ትንሽ እንዲጫወት በዘመኑ ልማድ ይፈቀድለታል። ከዚያ በ60ኛው ሜዠር ያ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል።

በየቅጂው ሦስት ነገር ጻፉ። ምን ያህል ሰከንድ ቆየ? ከራሱ የጨመረው አለ? ዜማውስ ሲመለስ ከመጀመሪያው በምን ተለየ? አንዳንዱ ጥቂት ድምፆች ብቻ ጣል አድርጎ ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ይንሸራሸራል። ከጥንቱ አጨዋወት ወገን የሆኑት፣ እንደ ፔይ ያሉት፣ ማስጌጫ ለመጨመር ይደፍራሉ። ሲመለስ ደግሞ ብዙዎች ከመጀመሪያው እጅግ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምሩታል፤ ትዝታ ሆኖ እንዲመጣ። ይህን ለመፍረድ ድምፁ ማነሱን ብቻ አትዩ። ፊደሉ ተቀይሯል? መጀመሪያ ሳብዕ የነበረው አሁን ካዕብ ሆኗል? ድምፁን ያሳነሰ ሰው ቀለሙን ካልቀየረ የሬዲዮ ቁልፍ እንደማዞር ነው፤ ቀለሙንም የቀየረ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተመልሷል። ድምፅና አተረጓጎም አንድ የሚሆኑት እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ አራተኛውን ደረጃ ያን ያህል ያስረዘምኩትም ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ የታችኞቹን ድምፆች ፈልጉ

ማርሴለስንና ማየርን ብቻ ያዙ፣ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ክፍል። ዜማው ወደ ታች እየወረደ ሄዶ ማርሴለስ ላይ ድንገት ወደ ላይ የሚታጠፍበት፣ ማየር ላይ ግን እስከ ጥልቁ የሚቀጥልበት ቦታ ታገኛላችሁ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። ማርሴለስ የያዘው የተለመደውን፣ የ1801ዱን ዓይነት ኖታ ነው። በዚህ እሱን አትውቀሱት፤ ያቺን ቦታ እንዴት እንዳለፋት ግን ስሙ። መታጠፊያውን ሆን ብሎ እንደ ጥያቄና መልስ አድርጎታል ወይስ አለስልሶ ደብቆታል? ማየር ላይ ደግሞ ታች ሲደርስ ድምፁ ያለው ክብደት ሌላ መሣሪያ የገባ እስኪመስል ነው፤ ስታድለር ለምን ያንን መሣሪያ እንደወደደው ያኔ ይገባችኋል።

ደረጃ 9፦ ስሙን ሸፍናችሁ ስሙ

ማስታወሻችሁ ሲሞላ አንድ ሰው ጥሩ። የቆረጣችኋቸውን ስምንት ሜዠሮች ስማቸውን ሳይነግራችሁ፣ ቅደም ተከተላቸውን አቀያይሮ ያጫውትላችሁ። ፊደላቸውን ብቻ ጻፉ። ከቀድሞው ማስታወሻ ጋር አስተያዩት። የተለወጠ ካለ፣ የመጀመሪያውን ፍርድ የሰጠው ጆሯችሁ ሳይሆን የተጫዋቹ ዝና ነበር። ያንን መስመር ሰርዛችሁ እንደገና ስሙት። በዚህ የሚያፍር ሰው መኖር የለበትም፤ እኔ አሁንም ከአምስቱ ሁለቱን አንዳንዴ አቀያይራለሁ።

በሸፈናችሁበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ድምፅ ለምን ጉዳይ ነው የተሠራው? ጌታቸው መኩሪያ ክላርኔትም ሳክስፎንም የተጫወተ ሰው ነበር። ሽለላን በሳክስፎን ሲያወጣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል፣ ይጎረናል፤ በኮንሰርቫቶሪ መለኪያ ቢመዘን ወድቆ የሚገኝ ድምፅ ነው። ግን የሚያወጣው ፉከራ ነው፤ ፉከራ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ አይፎከርም። ላይስተር የካራያን ኦርኬስትራ እንደ ሐር ሲዘረጋለት ያንን ሳይቀድ ሊሄድበት ነው የተሸፈነውን ድምፅ የያዘው። ኬል ግን ዘፋኝ መሆን ፈልጓል፤ ድምፁ የሚርገበገበው ለዚያ ነው። «ማን ይሻላል» የሚለውን ጥያቄ የማነሣው ይህንን ከመለስኩ በኋላ ብቻ ነው።

ሞዛርት ላይ ጆሯችሁ ከተሳለ ቀጣዩ ሥራ የብራምስ የክላርኔት ኩዊንቴት (ለክላርኔትና ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች) ኦፐስ 115 ይሁን፤ ከሞዛርቱ ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ ለሪሃርድ ሙልፌልድ የተጻፈ። ኬል በ1937 ከቡሽ ኳርቴት ጋር ቀድቶታል፤ ላይስተርም ቀድቶታል። ሁለተኛውን ክፍል ክፈቱ፤ መሀሉ ላይ ክላርኔቱ አውታሮቹን አስጨንቆ በሃንጋሪ ጂፕሲዎች ስልት ሽቅብ ቁልቁል የሚንፈራገጥበት ቦታ አለ። ከሱ በፊት ያለውን ረጋ ያለ ዜማና እሱን ጎን ለጎን ቁረጡና፣ ሁለቱ ሰዎች በየትኛው ላይ ፊደል እንደሚቀይሩ ጻፉ።